ትልቅ ስፒንድል ከመግዛትና ከመሸጥ በፊት

የእንጨት ሥራ በኢትዮጵያ የቆየ ጥበብ ነው። በመጥረቢያና በመጋዝ፥ በመላጊያና በመሮ ዋንዛውንና ጽዱን፥ ዝግባውንና ወይራውን ሲያሳምር የኖረው አናጺ፥ ዛሬ በብዙ ከተሞች በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የመቅረጫ መኪና ባለቤት ለመሆን በቅቷል። በቁጥር የሚታዘዝ የፍሬዛ መኪና እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለሕዝብ ሲታይ የታሰበው በተለይ ለአውሮፕላን ክፍሎች ሥራ ነበር፤ የዚያ ጥበብ ልጅ የሆነው ሲኤንሲ ግን በዚህ ዘመን የበርና የመስኮት፥ የአልጋና የቁም ሣጥን ሠሪውን ደጅ ደርሷል።

እንዲህ ያለው መኪና ወደ ሥራ ቤት ገብቶ ጥቂት ጊዜ ከቈየ በኋላ፥ ከባለቤቱ አንደበት የሚወጣ አንድ የታወቀ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የመኪናው ጉልበት አነሰ፤ ከዚህ የሚበልጥ ስፒንድል ይገኛል ወይ?» የሚል ነው። ስፒንድል ማለት ፑንታውን ጨብጦ በደቂቃ እስከ 18 ሺህና 24 ሺህ ዙር የሚያሽከረክር ሞተር ስለ ሆነ፥ ከመኪናው አካል ሁሉ ዐይን የሚጣልበት እርሱ መሆኑ አያስደንቅም። ባለ 2.2 ኪሎዋቱን አውልቆ ባለ 4.5 ወይም ባለ 6 ኪሎዋት መትከል፥ ሥራውን በዚያው መጠን የሚያፋጥነው ይመስላል። አስመጪውም ቢሆን ጥያቄው ወደ እርሱ ሲመጣ ካታሎጉን ይገልጥና ከፍ ያለውን ቍጥር ያሳያል፤ ገዢውም ቍጥሩን አይቶ ይከፍላል።

ይህ አሠራር ግን ሁለቱንም ወገኖች እንደሚጎዳ ማስተዋል ያስፈልጋል። ገዢው ላላስፈለገው ኀይል ገንዘቡን ያፈሳል፤ ሻጩም የተቃጠለ ሞተርና የተቈጣ ደንበኛ ይመለስበታል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አሳብ፥ ትልቅ ስፒንድል መግዛት ስሕተት ነው ለማለት ሳይሆን፥ ሳይለኩ መግዛትና ልኩን ሳይናገሩ መሸጥ ስሕተት ነው ለማለት ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለዚህም ጉዳይ ይስማማል።

የኀይል ማነስ ወይስ ሌላ ጉድለት?

«ጉልበት አነሰ» የሚለው ስሞታ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ምልክቶች ይነሣል። እነርሱም የተቈረጠው ጠርዝ መጥቈሩ፥ ፑንታው ቶሎ ቶሎ መሰበሩና ሥራው መዘግየቱ ናቸው። እነዚህ ምልክቶች ሁሉ ከስፒንድሉ አቅም ማነስ ሊመጡ ይችላሉ፤ ነገር ግን ከሌላ ምክንያት ሊመጡ የሚችሉበት ጊዜም ብዙ ነው።

ጥቂት ሒሳብ ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። ባለ ሁለት ስለት ፑንታ በደቂቃ 18,000 ዙር ቢዞር፥ ስለቶቹ በአንድ ደቂቃ 36,000 ጊዜ እንጨቱን ይነካሉ። እያንዳንዱ ንክኪ 0.2 ሚሊሜትር ያህል ይፋቅ ዘንድ ከተፈለገ፥ መኪናው በደቂቃ 7.2 ሜትር መጓዝ አለበት። የመኪናው አጥንት ደካማ ሆኖ ሳይንቀጠቀጥ መሄድ የሚችለው በደቂቃ 3 ሜትር ብቻ ቢሆን፥ እያንዳንዱ ስለት የሚደርሰው ከ0.1 ሚሊሜትር በታች ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ስለቱ እንጨቱን መቍረጡ ቀርቶ ማሸት ይጀምራል፤ ማሸትም ሙቀትን ይወልዳል፤ ሙቀትም እንጨቱን ያጠቍራል፥ ስለቱንም ያዶለዱማል። በዚህ ጊዜ በ2.2 ኪሎዋቱ ቦታ የ6 ኪሎዋቱ ቢተከልና በዚያው ፍጥነት ቢሠራ፥ ጠርዙ እንደ ጠቈረ ይቀራል። መድኃኒቱ ዙሩን መቀነስ ወይም ባለ አንድ ስለት ፑንታ መጠቀም ነው፤ ይህም ከአዲስ ስፒንድል ጋር ሲነጻጸር ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የፑንታ መሰበርም እንደዚሁ ነው። ፑንታ በጐኑ ሲገፋ የሚጐብጠው፥ ከመያዣው ውጭ በወጣው ርዝመት ሦስተኛ ርቢ ልክ ሲሆን፥ የሚጠነክረው ደግሞ በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ልክ ነው። ስለዚህ የ6 ሚሊሜትሩ ፑንታ በ8 ሚሊሜትር ቢተካ ጥንካሬው ከ3 እጥፍ በላይ ይሆናል፤ በ12 ሚሊሜትር ቢተካ ደግሞ 16 እጥፍ ይሆናል። በቀጭንና በረጅም ፑንታ ጥልቅ ቦታ ሲቈርጥ የኖረ ሰው፥ የሚያስፈልገው ወፍራምና አጭር ፑንታ እንጂ ትልቅ ሞተር ላይሆን ይችላል። በቀጭን ፑንታ ላይ ብዙ ኀይል መጨመር መስበሩን ያፋጥነዋል እንጂ አያስቀረውም።

እንግዲህ ኀይሉ በእውነት ማነሱ የሚታወቀው በምንድን ነው ቢባል፥ መልሱ ከሥራ ቤቱ ሳይወጡ የሚገኝ ነው። ስፒንድሉን የሚነዳው ኢንቨርተር በፊቱ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት፥ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ መጠን በአምፔር ያሳያል። ባለቤቱ በመጀመሪያ ስፒንድሉ ባዶውን ሲዞር የሚነበበውን ይጻፍ፤ ቀጥሎ በየቀኑ በሚሠራው ከባድ ሥራ ላይ ሳለ የሚነበበውን ይጻፍ፤ በመጨረሻም በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው አምፔር ጋር ያስተያየው። በሥራ ላይ ያለው ንባብ ወደ ሰሌዳው ቍጥር የሚጠጋ ወይም የሚያልፍ ከሆነ፥ በእውነት ኀይል አንሶታል። ከባዶው ንባብ እምብዛም ሳይርቅ የሚቀር ከሆነ ግን ኀይል አላነሰውም፤ ችግሩም በፑንታው፥ በፍጥነቱ ወይም በመኪናው አጥንት ላይ ይፈለግ። ላም ባልዋለበት ኩበት መልቀም ለነጋዴም ለአናጺም አይበጅም።

ትልቁ ስፒንድል የሚገባው መቼ ነው?

ከዚህ በላይ የተባለው ትልቅ ስፒንድል ጥቅም የለውም የሚያሰኝ አይደለም። ጥቅሙ የማያጠራጥርበት ሥራ አለ። ይኸውም በዝግታ ዙር ብዙ ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ ነው።

በሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ኪሎዋት የሚገኘው ሞተሩ በተመደበለት ሙሉ ዙር ሲዞር ብቻ መሆኑን ብዙ ገዢዎች አያውቁትም። እንዲህ ያለ ስፒንድል ከተመደበለት ዙር በታች የመጠምዘዝ ጉልበቱ ያው ሆኖ ይቀራል፤ ኀይሉ ግን ከዙሩ ጋር አብሮ ይወርዳል። በ24,000 ዙር 2.2 ኪሎዋት የሚሰጠው፥ በ12,000 ዙር የሚሰጠው 1.1 ኪሎዋት ብቻ ነው፤ በ9,000 ዙር ከ0.9 ኪሎዋት በታች ይወርዳል።

የበር ማኅደር ጠርዝ የሚያወጣው ሰፊ ፑንታ፥ ወርዱ እስከ 80 ሚሊሜትር ሲደርስ በ24,000 ዙር ቢዞር ጫፉ በሴኮንድ 100 ሜትር ያህል ይበራል፤ ይህም ለሠራተኛው ሕይወት የሚያሰጋ ነው። በ12,000 ዙር ግን ወደ 50 ሜትር ይወርዳል። ሰፊው ፑንታ በዝግታ እንዲዞር ግድ ሲሆን፥ ትንሹ ስፒንድል በዚያ ዝግታ ግማሽ ኀይሉን ብቻ ይዞ ጠንካራውን እንጨት ለመፋቅ ይታገላል። በዚያው ዙር የ6 ኪሎዋቱ 3 ኪሎዋት ይሰጣል፤ የእርሱም ሰሌዳ በ18,000 ዙር የተጻፈ ቢሆን 4 ኪሎዋት ይሰጣል። ስለዚህ የዋንዛ በር በብዛት የሚሠራ ባለ ሥራ ቤት ትልቅ ስፒንድል ቢፈልግ ፍላጎቱ ትክክል ነው። በአንጻሩ የኤምዲኤፍ ሰሌዳ ላይ በ3 ሚሊሜትር ፑንታ ሐረግና ጽሑፍ ለሚቀርጽ ሰው ያው ስፒንድል ጌጥ ብቻ ይሆናል።

ሌላው ቁም ነገር የፑንታው መያዣ ነው። ኢአር 11 የተባለው መያዣ እስከ 7 ሚሊሜትር፥ ኢአር 20 እስከ 13 ሚሊሜትር፥ ኢአር 32 እስከ 20 ሚሊሜትር የሚደርስ ግንድ ይይዛል። ትንሽ መያዣ ካለው ስፒንድል ወደ ትልቁ የሚሸጋገር ሰው፥ ከኪሎዋቱ ይልቅ ወፍራም ፑንታ ለመጠቀም በመቻሉ የሚያገኘው ጥቅም ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ስለ መያዣው ሳይናገር ስለ ኪሎዋቱ ብቻ ቢናገር የዕቃውን ግማሽ ዋጋ ደብቆ እንደ ሸጠ ይቈጠራል።

ከስፒንድሉ ጋር አብሮ የሚመጣው ወጪ

«ስፒንድል መለወጥ» ሲባል አንድ ዕቃ አውልቆ ሌላ ዕቃ ማሰር ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። በእውነቱ ግን አንዱ ለውጥ ሌላውን ይጎትታል።

በመጀመሪያ ኢንቨርተሩ አለ። ለ2.2 ኪሎዋት የተመጠነ ኢንቨርተር የ4.5 ኪሎዋቱን ሞተር ሊነዳ አይችልም። ከዚህም በላይ የ2.2 ኪሎዋቱ ስፒንድል በተራው የቤት መስመር፥ በ1 ፌዝ 220 ቮልት ሲሠራ፥ ከፍ ያሉት ስፒንድሎች አብዛኛውን ጊዜ ባለ 3 ፌዝ 380 ቮልት ይጠይቃሉ። ባለ 3 ፌዝ መስመርና ቈጣሪ የሌለው ሥራ ቤት፥ ስፒንድሉ በሣጥኑ ተቀምጦ የመስመሩን ፈቃድ ሲጠብቅ ይከርማል። ለዚህ ምክንያቱ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ መዘግየት ብቻ አይደለም፤ ጥያቄው ከግዢው በፊት መቅረብ ሲገባው ከግዢው በኋላ መቅረቡም ነው።

ሁለተኛው የኢንቨርተሩ አሞላል ነው። ለጠቅላላ አገልግሎት የተሠሩ ኢንቨርተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ለተራ ሞተር እንዲስማሙ በ50 ኸርዝ ተሞልተው ይመጣሉ። ስፒንድሉ ግን ሙሉ ቮልቱ የሚገባው በ400 ኸርዝ ነው፤ ባለ ሁለት ዋልታ ሞተር 24,000 ዙር የሚያገኘው በዚህ ነውና። ሙሉው 220 ቮልት በ50 ኸርዝ ቢሰጠው፥ የሞተሩ ብረት ከታቀደለት 8 እጥፍ የሚሆን የማግኔት ጫና እንዲሸከም ይጠየቃል፤ ይህንንም ሊሸከም ስለማይችል የሚስበው ኤሌክትሪክ እጅግ ይንራል። ኢንቨርተሩ ራሱ ፈጥኖ ካላቋረጠው፥ የሽቦው ጥቅልል በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። አንድ ብርቅ ዕቃ በተተከለበት ቀን የሚጠፋው እንዲህ ነው። ሻጩ «ደንበኛው አቃጠለው» ይላል፤ ደንበኛውም «ዕቃው ብልሹ ነበር» ይላል፤ እውነቱ ግን ኢንቨርተሩን የሚሞላ ባለሙያ ከዕቃው ጋር አብሮ አለመሸጡ ነው።

ሦስተኛው ክብደቱ ነው። ትንሹ በውሃ የሚቀዘቅዝ ስፒንድል 80 ሚሊሜትር ወርድ ሲኖረው፥ ከፍ ያሉት በወርድም በክብደትም በእጅጉ ስለሚበልጡ አሮጌው ማሰሪያ አይገጥማቸውም። ማሰሪያው ቢለወጥ እንኳ፥ ስፒንድሉን ተሸክሞ የሚመላለሰው ድልድይና ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ለአሮጌው ክብደት የተመጠኑ ናቸው። የኤሌክትሪክ መቋረጥ በሚደጋገምበት ቦታ ደግሞ ይህ ነገር ሌላ አደጋ ያስከትላል፤ ፍሬን የሌለው መኪና መብራት በጠፋ ጊዜ ከባዱን ስፒንድል መያዝ ተስኖት፥ በሥራው ሰሌዳ ላይ ከነዙሩ ሊለቀው ይችላል።

አራተኛው ብናኙ ነው። ብዙ የሚፍቅ መኪና ብዙ ብናኝ ያወጣል፤ ለአሮጌው ስፒንድል የበቃው መምጠጫ ለአዲሱ አይበቃም። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መደብ ውስጥ አግብቶታል፤ በኤምዲኤፍና በቺፑድ ሙጫ ውስጥ የሚገኘውን ፎርማልዴሃይድንም እ.ኤ.አ. በ2004 በዚያው መደብ አስገብቶታል። ከዚህም ጋር፥ በዶለዶመ ፑንታ የጋለ ፍቅፋቂ ወደ ብናኝ መሰብሰቢያው ሲገባ እሳት ሊያስነሣ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። ስለዚህ መምጠጫውን ሳያስቡ ስፒንድሉን ማሳደግ በሠራተኛው ጤናና በሥራ ቤቱ ላይ መፍረድ ነው።

ካታሎጉ የማይናገረው ከፍታ

ከሁሉ ይልቅ በዚህ አገር ያለ አስመጪ ሊያስብበት የሚገባው፥ ካታሎጉ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ አገሮች መሆኑን ነው። የኤሌክትሪክ ሞተሮችና ኢንቨርተሮች በሰሌዳቸው ላይ የሚጻፈውን አቅም የሚሰጡት፥ በተለመደው ደንብ መሠረት ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ባለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ግን 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ ማራገቢያው ምንም ያህል ቢዞር ከሞተሩና ከኢንቨርተሩ የሚያነሣው ሙቀት ያነሰ ነው።

ብዙዎቹ የኢንቨርተር አምራቾች በመመሪያቸው የሚያዙት፥ ከ1,000 ሜትር በላይ ለሚኖረው ለየ100 ሜትሩ ከተጻፈው አምፔር 1 ከመቶ እንዲቀነስ ነው። በዚህ ስሌት በአዲስ አበባ ከ13 ከመቶ በላይ፥ በባሕር ዳር ወደ 8 ከመቶ፥ በድሬዳዋ ወደ 2 ከመቶ ይቀነሳል ማለት ነው። በድሬዳዋ ቅነሳው ትንሽ ቢመስልም፥ በዚያ ደግሞ የአየሩ ሙቀት የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ደንበኛ ልክ ለልክ የተመጠነ ኢንቨርተር የሚሸጥ ነጋዴ፥ ሳያውቀው አነስ ያለ ኢንቨርተር እየሸጠ ነው። አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ማቅረብ የተሻለ ነው፤ የስፒንድሉንም ማቀዝቀዣ በተመለከተ በአየር የሚቀዘቅዘው በከፍታው ሲጎዳ፥ በውሃ የሚቀዘቅዘው እምብዛም ስለማይነካ፥ ለደጋው ከተማ ብልጫ አለው። ውሃው ግን ንጹሕ መሆን አለበት፤ ጨው ያለበት ውሃ በስፒንድሉ ጠባብ ቦዮች ላይ እንደ ጀበና ቅርፊት እየጋገረ መተላለፊያውን ይዘጋልና።

የከፍታው ነገር በዚህ አያበቃም። ሰሌዳውን በአየር መሳብ አጣብቆ የሚይዝ ጠረጴዛ ያለው ሥራ ቤት፥ የያዘው ኀይል የሚመጣው ከውጭው አየር ክብደት ነው። በባሕር ወለል ላይ ይህ ክብደት በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 1 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፥ በአዲስ አበባ ግን ከዚያ 3 አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ፓምፑ ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን ከዚህ በላይ ሊይዝ አይችልም። 10 በ10 ሴንቲሜትር የሆነች ቍራጭ በባሕር ወለል እስከ 100 ኪሎ በሚደርስ ጫና ልትያዝ ስትችል፥ በአዲስ አበባ የምትያዘው ቢበዛ ከ80 ኪሎ በታች ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በትልቅ ስፒንድል ጥልቅ አድርጎ ሲቈርጥ የሚገፋው ኀይል ይጨምራል፤ የሚይዘው ኀይል ግን ከካታሎጉ ያነሰ ነው። ቍራጯ ተፈናጥራ ሥራው ሲበላሽ፥ ወይም ሰው ሲመታ፥ ጥፋቱ የስፒንድሉ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ሁለቱ ሳይመጣጠኑ መቅረታቸው ነው።

የነጋዴው ድርሻ

አንዳንድ አስመጪዎች «ነጋዴ አስተማሪ አይደለም፤ ደንበኛው የጠየቀውን ዕቃ ካቀረበ ግዴታውን ፈጽሟል» ይላሉ። ይህ አባባል ላይ ላዩን ሲታይ እውነት ይመስላል። ሆኖም ጨርቅ ሻጭ እንኳ ክንዱን ሳይለካ አይሸጥም፤ ጫማ ሻጭም የእግሩን ቍጥር ሳይጠይቅ አይሰጥም። ዋጋው ከጨርቅና ከጫማ ብዙ እጥፍ የሆነ ዕቃ የሚሸጥ ሰው፥ ደንበኛው ምን እንጨት እንደሚቈርጥ፥ በስንት ሚሊሜትር ፑንታ እንደሚሠራ፥ በሥራ ቤቱ ስንት ፌዝ መስመር እንዳለ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው 5 ደቂቃ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከዚህ የከበደ ነው። «ስፒንድሉን ከትልቁ ኢንቨርተር፥ ከማሰሪያው፥ ከገመዱና ከማቀዝቀዣው ጋር አድርጎ ዋጋ የሚያቀርብ ነጋዴ፥ ባዶውን ስፒንድል ብቻ ጠርቶ ዋጋውን ዝቅ በሚያደርገው ይበለጣል» የሚል ነው። ይህ በእውነት የሚሆን ነገር ነው፤ በፕሮፎርማ ውድድር ላይ ሐቀኛው የሚሸነፍበት ጊዜ እንዳለ የማይካድ ነው። ነገር ግን መፍትሔው ሁሉም ወደ ዝቅተኛው አሠራር እንዲወርድ ማድረግ ሳይሆን፥ ሁሉም ፕሮፎርማ በአንድ ዐይነት ዝርዝር እንዲጻፍ ማድረግ ነው። ገዢው ሁለት ወረቀቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ሲችል፥ ባዶው ዋጋ ባዶ መሆኑ በግልጽ ይታየዋል።

በዚህ ረገድ የንግድ ምክር ቤት አባላት የሆኑ አስመጪዎች ተስማምተው አንድ ገጽ የሚሞላ የዕቃ መግለጫ ቢያዘጋጁ መልካም ነበር። በዚያም ወረቀት ላይ የሚከተሉት ቢጻፉ ይበቃል።

1ኛ፤ ስፒንድሉ የሚሰጠው ኪሎዋትና ያን የሚሰጥበት ዙር፤

2ኛ፤ የሚፈልገው ቮልት፥ ፌዝ፥ ኸርዝና አምፔር፤

3ኛ፤ የማሰሪያው ወርድ፥ የስፒንድሉ ክብደትና የፑንታው መያዣ ልክ፤

4ኛ፤ በአየር ወይም በውሃ የሚቀዘቅዝ መሆኑና፥ ኢንቨርተሩ ለሚተከልበት ከተማ ከፍታ ተቀንሶ የተሰላ አቅሙ፤

5ኛ፤ ኩሽኔታውን የሚለውጥ ባለሙያና የሚለወጠው ኩሽኔታ በአገር ውስጥ መኖሩ ወይም አለመኖሩ፤

6ኛ፤ ዋስትናው የሚጸናበት ጊዜና፥ ኢንቨርተሩን የሞላው ማን እንደ ሆነ።

ስለ ኩሽኔታው የተጠቀሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በደቂቃ 24,000 ጊዜ የሚዞር ኩሽኔታ ከተራው የሞተር ኩሽኔታ የረቀቀ ነው፤ ጧት ጧት ስፒንድሉን በዝግታ እያሞቁ ወደ ሙሉ ዙር ካላደረሱት፥ ወይም በዶለዶመ ፑንታ ካስጨነቁት፥ ዕድሜው ያጥራል። ኩሽኔታ ሲያልቅበት ሙሉ ስፒንድል ለመግዛት የሚገደድ ደንበኛ ሁለተኛ ጊዜ ወደዚያ ሱቅ አይመለስም። ኩሽኔታውን በመደርደሪያው ላይ ያስቀመጠ ባለ ሱቅ ግን አንድ ጊዜ በሸጠው ስፒንድል ለብዙ ዓመት ይነግዳል።

ከዚህም ሌላ የውጭ ምንዛሪው ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፥ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ላኪው ቡናውንና ሰሊጡን ሸጦ ያመጣው ዶላር፥ አስመጪው በጅቡቲ በኩል በሚያስገባው ዕቃ ላይ ሲውል፥ ዕቃው የሚሠራ መሆን አለበት። ሳይለካ ተገዝቶ የተቃጠለ አንድ ስፒንድል የአንድ አናጺ ኪሳራ ብቻ አይደለም፤ በላኪው ድካም የተገኘው ምንዛሪ ጢስ ሆኖ መቅረቱም ነው። እንዲያውም በመኪናው አቅም ላይ እምነት ያጣ ባለ ሥራ ቤት ወደ አሮጌው አሠራር ተመልሶ፥ ከውጭ ተሠርቶ የሚመጣው የቤት ዕቃ ገበያውን እንዲይዝበት መንገድ ይለቃል።

መደምደሚያ

እንግዲህ ነገሩ ሲጠቃለል፥ ባለ ሥራ ቤቱ ትልቅ ስፒንድል ለመግዛት ከመነሣቱ በፊት በቅድሚያ ስለታም ፑንታ ይግጠም፤ ዙሩንና ጉዞውን ያመጣጥን፤ አምፔሩን ይመዝግብ። ይህን ሁሉ አድርጎ ኀይሉ በእውነት አንሶ ከተገኘ፥ ስፒንድሉን ከኢንቨርተሩ፥ ከመስመሩ፥ ከማሰሪያው፥ ከመምጠጫውና ከጠረጴዛው ጋር እንደ አንድ ዕቃ ቈጥሮ ይግዛ። ለዚህ የሚበቃ ገንዘብ ከሌለው፥ ግማሹን ገዝቶ ግማሹን ከማስቀረት፥ ገንዘቡ እስኪሞላ መታገሥ ይሻለዋል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና።

አስመጪውና ባለ ሱቁም በበኩላቸው፥ የሚሸጡት ኪሎዋት በየትኛው ዙርና በየትኛው ከፍታ እንደሚገኝ ለደንበኛቸው ይንገሩ። አንዳንድ ጊዜ ሐቀኛው መልስ «የሚያስፈልግህ ስፒንድል ሳይሆን ሁለት ጥሩ ፑንታ ነው» የሚል ይሆናል። በዚያ ቀን የሚገኘው ትርፍ አነስተኛ ቢሆንም፥ ያ ደንበኛ ሥራው አድጎ በእውነት ትልቅ ስፒንድል በሚያሻው ቀን ወደ ማን ሱቅ እንደሚሄድ አያጠራጥርም።